በነጠላሽ ጫፍ የቋጠርሽው ቁልፍ

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ ጣራ ላይ ካልተወረወረ ብላ አለቀሰች። የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ስለሆነ ጣራችን ሩቅ ነው። አባቷ ወርዶ የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ወረወረላት። ትልቁ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ሚኒስትሪ ይፈተናል። ቁመቱ እኔን አልፎኛል። የእጅ ጽሑፉ ቁርጥ የአጎቱን ነው። ሁለቱም "እማማ መቼ ነው የምትመጣው?" ይሉኛል። የላክሽው ቆሎ በሁለት ቀን አለቀ።

ስፈራ ወሬ እንደማበዛ አንቺ ታውቂያለሽ።

የጻፍኩልሽ በስልክ ስላልሆነልኝ ነው። ስደውል ስልኩን ላውድ ላይ ታደርጊዋለሽ፤ ወንድምዓለም ደግሞ ከአጠገብሽ አይጠፋም። እሱ እየሰማ ስለሱ እንደሌለ ሰው ማውራት ሰለቸኝ። ፊደሉን ተለቅ አድርጌዋለሁ። በመሠረተ ትምህርት ዘመን በኩራዝ የተማርሽውን ፊደል ዛሬም ዳዊት ስትደግሚበት አይቻለሁ። ለማንም አትስጪው፤ ራስሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

በመጀመሪያ የግፊት ኪኒንሽን። ሐኪሙ ያለሽ በየቀኑ ነው። ራስ ምታት ሲነሳብሽ ብቻ አይደለም። ቀጠሮሽን ያለፍሽው የወንድምዓለም የመርፌ ቀን ስለተገናኘ እንደሆነ ሰምቻለሁ። እሱን አድርሰሽ ስትመለሺ ደከመኝ ብለሽ ቀረሽ። አንቺ ከወደቅሽ እሱን ማን ያደርሰዋል?

ያን ሌሊት የሆነውን የነገሩኝ የወፍጮ ቤቷ እትዬ ናቸው። መደወላቸውን አትቀየሚ። አንቺ "ትንሽ አዞረኝና ተቀመጥኩ" ነው ያልሽኝ። እሳቸው እንደነገሩኝ ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንድምዓለም የጓሮ ክፍሉን በር እየደበደበ "እናቴ ወደቀች! እናቴ ወደቀች!" እያለ ሲጮህ ነበር። ሰፈሩ ሰምቷል። "ደግሞ ተነሳበት" ብሎ ተመልሶ ተኝቷል። የወጡት እትዬ ብቻ ናቸው። በሩን ገፍተው ሲገቡ መሬት ላይ ነበርሽ። እሱን ሊያስወጡት ሲሄዱ በሩ ከውጭ ተቆልፏል። ቁልፉን ያገኙት ነጠላሽ ጫፍ ላይ ተቋጥሮ ነው። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ አልፈታ ብሏቸው በጥርሳቸው ፈቱት። ሲከፍቱለት እሳቸውን አልፎ ሮጠ። አዝሎሽ አስፋልት ድረስ ሄደ፤ ባጃጅ የተገኘው እዚያ ነው።

ሃምሳ ዓመቱ ነው እኮ እማዬ።

አሁንም ማታ ማታ እንደምትቆልፊበት አላውቅም ነበር። ወይም ላለማወቅ አልጠየቅሁም። ያ ሌሊት መውደቅ ባይሆን እሳት ቢሆንስ? ይህን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም። በአንቺ ላይ እቆጣለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ስንት ዓመት ብቻሽን እንደተሸከምሽው ትዝ ሲለኝ አለቅሳለሁ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬሽ አላውቅም። እግዜር ይስጥልኝ።

የአእምሮ ሕመም ጥናት ጠያቂዎቹ የመጡ ጊዜ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ከ1990 ጀምሮ ቡታጅራ ዙሪያ ያለውን ቤት ሁሉ እያንኳኩ ይጠይቁ ነበር። በኋላ ሳነብ ከ68 ሺህ በላይ ሰው ነው የጠየቁት። ቡና የምቀዳው እኔ ነበርኩ። "ብቻውን የሚያወራ፣ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማ፣ ከሰው የሚሸሽ ሰው አለ?" ሲሉሽ "እዚህ ቤት ሁላችንም ጤነኞች ነን" አልሽ። ከጓሮ ሲያስል ተሰማ። "ከገጠር የመጣ ዘመድ ነው" አልሽ። ሲኒውን ስሰጣቸው ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ጥናቱ ቤት ለቤት ብቻ አልነበረም። ሰፈሩን በደንብ የሚያውቁ ሰዎችንም ይጠይቁ ነበር። ተመልሰው መጡ። ማን እንደነገራቸው ስታውቂ ከእትዬ ጋር የሆነው ሆነ። እስከ ዛሬ እሳቸው ቤት ቡና አልጠጣሽም። ለቅሶ ቤት እንኳ ትይዩ አትቀመጪም። ግን ለወንድምዓለም መርፌ የተጀመረለት በዚያ ምክንያት ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ጸበል ቦታ ነበር። አንጓው ላይ ያለው ጠባሳ የዚያን ጊዜ ነው። ጸበሉን አልነቅፍም፤ እኔም እጠመቃለሁ። የሚነቀፈው ገመዱ ነው። ያኔ ምርጫ እንዳልነበረሽም አውቃለሁ። ለሀገሩ ሁሉ የአእምሮ ሆስፒታል ተብሎ የሚታወቀው አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ነበር። እሱን ይዞ አውቶቡስ መሳፈር ደግሞ እንዴት እንደነበር አባዬ ነፍሱን ይማረውና ሲናገር ሰምቻለሁ።

የዚያን ጥናት ውጤት ሳነብ አንድ ነገር ገረመኝ። ከሺህ ሰው ወደ አምስት የሚጠጉት የወንድምዓለም ሕመም፣ ስኪዞፍሬኒያ የሚሉት፣ ነበረባቸው። በጠየቁት ሕዝብ ውስጥ ከሦስት መቶ በላይ ሰው ማለት ነው። ከሦስት መቶ በላይ ቤት። ሌላዋ እናት ምናልባት ገበያ ላይ ከአጠገብሽ ቆማ በርበሬ ስትመርጥ ነበር፤ እሷም የጓሮ በር ቆልፋ ወጥታለች። ሁላችሁም ለየብቻችሁ።

አሁን ወደ ሠርጌ ልምጣ።

በ2002 ሽማግሌዎቹ ሲመጡ "ስንት ልጆች አሉዎት?" ተብለሽ "እሷው ነች" አልሽ። ዘር ይጠየቃል፣ ልጄን እንዳይተዋት ብለሽ ነው። ገብቶኛል። የሠርጉ ዕለት ጎንበስ ብዬ ጉልበትሽን ስስም ጉንጬን አንድ ነገር ወጋኝ። ነጠላሽ ጫፍ ላይ የቋጠርሽው ቁልፍ ነበር። ወንድሜ የት እንዳለ ያኔ አወቅሁ። ከጓሮ ተቆልፎበት ዘፈኑን እየሰማ ነው። ቀና ስል አየሽኝ። ማወቄን አወቅሽ። እኔም ዝም ብዬ ወደ መኪናው ሄድኩ።

አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን በአንቺ ሳሳብብ ኖሬያለሁ። ግን ቁልፉን ተቀብዬ መሄድ እችል ነበር። አምስት እርምጃ ነበር እኮ። አልሄድኩም፣ ምክንያቱም እኔም እንዲታይ አልፈለግሁም። ለባለቤቴ የነገርኩት ትልቁ ልጅ ሦስት ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "ሠርጉ ላይ ምሳ በላ?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። በልቶ ነበር እማዬ?

ለልጆቹ እስከ ዛሬ "አጎታችሁ አመም ያደርገዋል" ነው የምላቸው። ትልቁ በቅርቡ በሩን ዘግቶ መቀመጥ ጀምሯል። አሥራ ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ በሩን ይዘጋል፤ ይህን አውቃለሁ። ግን ሌሊት እየተነሳሁ በሩ ላይ ጆሮዬን እለጥፋለሁ። ብቻውን ያወራ እንደሆነ ለመስማት። በመጨረሻ ሐኪም ጠየቅሁ። አጎት የታመመበት ልጅ ዕድሉ ከሌላው ትንሽ ከፍ ቢልም አብዛኞቹ ምንም ሳይሆኑ ያድጋሉ አሉኝ። "ይልቅ ስለ አጎቱ በግልጽ ንገሪው፤ የተደበቀ ነገር ልጅን የበለጠ ያስፈራል" አሉኝ። እነግረዋለሁ። ካንቺ ጋር ከተነጋገርን በኋላ።

የወንድምዓለም የዚህ ወር መርፌ ስድስት ቀን አልፎታል። ይህን ደብዳቤ ሳትጨርሺ ቀኑን እይው። የመንቀጥቀጡ ኪኒን፣ አርቴኑስ አለ? ባለፈው አልቆ እጁ ሲንቀጠቀጥ "መርፌው ነው የጎዳው" ብለሽ ልታስቀሪው ነበር። መርፌውን አታስቀሪ፣ አርቴኑን አስጽፊ። መድኃኒቱ ስለሚያስርበው ምግቡን አትቀንሺበት። ለእህሉ ብር ልኬያለሁ። የጤና መድን ደብተሩ ካላሳደሳችሁት ቀበሌ ሂዱ።

አንድ የአእምሮ ጤና ነርስ አግኝቼ ብዙ አወራን። ከኛ ጎረቤት ሶዶ ወረዳ ላይ የተሠራ ሥራ ነገረችኝ። ባለሙያ ሐኪሞች አይደሉም የሠሩት። የአካባቢው ሰዎች ለጥቂት ሳምንታት ሠልጥነው ሕመምተኛው ቤት ድረስ እየሄዱ ነው። ከታማሚው ጋር ምን መሥራት እንደሚፈልግ ያወራሉ። ማሳ ልሂድ ቢል አብረው ይጀምራሉ። ለቤተሰቡ እንቅልፍ ማጣት ሲጀምር ሳይብስ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት ያስተምራሉ። ዕድሩንና የሃይማኖት አባቶቹን ያነጋግራሉ። እናቶችና እህቶች አንድ ላይ ተቀምጠው እንዲያወሩም ያደርጋሉ። ከዓመት በኋላ እንዲህ የታገዙት ሰዎች ከሕክምናው ሌላ ምንም ካላገኙት ይልቅ ኑሯቸውን መምራት ችለው ተገኙ። ደግሞ ሕመሙ የተረጋጋለት ሰው በሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ቢታይ እንደማይጎዳ በዚሁ በኛ አካባቢ ተጠንቷል። ስለዚህ ያን ሁሉ መንገድ ይዘሽው መሄድ ላያስፈልግሽ ይችላል። ቅርባችን ያለው ጤና ጣቢያ ይጀምርለት እንደሆነ እኔ መጥቼ እጠይቃለሁ። የጤና ኤክስቴንሽኗንም ስትመጣ ከደጅ አትመልሻት። ክትባት ብቻ አይደለም ሥራዋ።

ስለ እናቶቹ ስትነግረኝ አንቺን አሰብኩ። ሌላ እናት "የኔም ልጅ" ስትልሽ ሰምተሽ አታውቂም።

አሁን የፈራሁትን ልጻፍ። ባለፈው ፋሲካ ቤት አድሬ ስትጸልዪ ሰማሁሽ። ተኝታለች ብለሽ ነው። "ከኔ አንድ ቀን አስቀድመህ ውሰደው" አልሽ። ትራሱን ነክሼ አደርኩ። ለገዛ ልጅሽ ሞት የምትለምኚው ሜዳ ላይ ወድቆ እንዳይቀር ፈርተሽ ነው። ያም ማለት እኔን አታምኚኝም ማለት ነው። እንዴትስ ታምኚኛለሽ? ሠርጌ ላይ አይተሽኛል።

እንደዚያ አትጸልዪ እማዬ። ከአንቺ በኋላ ወንድምዓለም የኔ ነው። ለባለቤቴም ነግሬዋለሁ፤ እሺ ብሏል። እንዴት እንደማደርገው ገና አልጨረስኩም። እዚህ ፎቅ ላይ አምጥቼ ባስቀምጠው እዚያ ያለውን ያጣል። እዚያ ሰው ያውቀዋል። ወፍጮ ቤቱም አለ።

ስለ ወፍጮ ቤቱ አልነገሩሽም መሰል። አንቺ ሆስፒታል በተኛሽበት አራት ቀን እትዬ ይዘውት ይሄዱ ነበር። የበርበሬ ጆንያ ያወርዳል፣ ሲጨርስ ይጠርጋል። ዱቄቱ ሲያስነጥሰው ደጅ ወጥቶ ይመለሳል። አንድም ቀን ከማንም አልተጋጨም። ጎረቤት ያመጣው መስሎሽ የበላሽው ብርቱካን እሱ በመጀመሪያ ቀን ደመወዙ የገዛልሽ ነው።

እሑድ እመጣለሁ። ልጆቹንም ይዤ ነው። ቡኢ ስደርስ እደውላለሁ። ስለ መድኃኒቱ ሁሉ ትነግሪኛለሽ፣ እጽፈዋለሁ፤ ስንት ሰዓት እንደሚውጥ፣ ምን ሲሆን እንደሚቆጣ፣ ምን ሲባል እንደሚረጋጋ። የክትትል ካርዱን አውጥተሽ ጠብቂኝ። ቡናውን ከኛ ቤት አታፍዪ። ጀበናውን ይዘን እትዬ ቤት እንሄዳለን፤ አምስታችን፣ አንቺና እኔ፣ ወንድምዓለምና ሁለቱ ልጆቼ። እንቢ ካልሽ እኔው እቀድማለሁ።

ቁልፉን ግን ከነጠላሽ ፈትተሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪልኝ።

ልጅሽ