ለእህት ዓለሜ፦ ኪሮሽሽን ከመሳቢያው አውጪው

ለእህት ዓለሜ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? እናትሽስ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ክረምቱ አልፏል፤ ጣና ሞልቶ ውኃው እስከ ደንገሉ ወገብ ደርሷል። ዝምታው በእኔ በኩል ረዝሟልና ይቅርታሽን እለምናለሁ። መልእክትሽ ከደረሰኝ ቆይቷል፤ በሁለት መስመር የሚመለስ ስላልመሰለኝ ነው ረጋ ብዬ ልጽፍልሽ የተቀመጥኩት። «ክሩም አለ፣ ኪሮሹም አለ፣ ምን እንደምሠራ ግን ጠፋኝ፤ ሁልጊዜ ያችኑ የሶፋ ዳንቴል» ብለሽኝ ነበር።

አዲስ ሐሳብ ፍለጋ ሌላ ሰው የሠራውን ዳንቴል ፎቶ አታገላብጪ። ዓይንሽ ያረፈበትን ማንኛውንም ነገር ያዢና አንድ ነገር ጠይቂ፦ ይህ ከመሐል ይጀምራል፣ ከዳር ይጀምራል፣ ወይስ በካሬ ይቆጠራል? ከመሐል የሚጀምረው በዙር ይሠራል። ከዳር የሚጀምረው በመስመር ይሄዳል። በካሬ የሚቆጠረው ደግሞ መጀመሪያ ደብተር ላይ ይሳላል። ይህ ከተለየ በኋላ የቀረው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩን ደግሞ ታውቂዋለሽ።

ምሳሌ ከፈለግሽ እዚሁ ዘጌ ያለውን ኡራ ኪዳነ ምሕረትን አስቢው። ከውጭ ክብ ነው። ስትገቢ ቅኔ ማኅሌቱ ዙሪያውን ይዞራል፣ ከዚያ ቅድስቱ፣ ከመሐል በሥዕል የተሸፈነው መቅደስ፤ መቅደሱ ግን አራት ማዕዘን ነው። ክብ ውስጥ የተቀመጠ ካሬ ማለት ነው። ይህን አሳብ ለረከቦት ልብስ ብታውይው ማንም ቤት ያላየሽው ነገር ይወጣልሻል። አሠራሩን ልንገርሽ፤ እንዳንደናገር ክሩን በቀለበቱ ውስጥ ብቻ እየሳብን የምናስረዝመውን «ሰንሰለት»፣ ክሩን አንዴ በኪሮሹ ጠምጥመን የምንሠራውን «ረጅም ዓይን»፣ ሁለቴ የምንጠመጥምለትን «ድርብ»፣ ምንም የማንጠመጥምለትን «አጭር ዓይን» እላለሁ።

አራት ሰንሰለት ሠርተሽ ግጠሚና ቀለበት አድርጊው። ቀለበቱ ውስጥ ሦስት ሦስት ረጅም ዓይን አራት ጊዜ ሥሪ፤ በየሦስቱ መካከል ሁለት ሰንሰለት ይግባ። እነዚያ ሁለት ሁለት ሰንሰለቶች ማዕዘኖችሽ ናቸው። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ በየዓይኑ ላይ አንድ፣ በየማዕዘኑ ቀዳዳ ውስጥ ደግሞ ሁለት ረጅም ዓይን፣ ሁለት ሰንሰለት፣ እንደገና ሁለት ረጅም ዓይን። በአንድ ጎን ያለው ቁጥር 3፣ 7፣ 11፣ 15 እያለ ይሄዳል። በአራተኛው ዙር 15 ላይ አቁሚ፤ መቅደሱ ይህ ነው።

ካሬውን ወደ ክብ መመለስ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካሬ ማዕዘኑ ከመሐሉ 7 ሴንቲ ያህል ይርቃል፤ የጎኑ አጋማሽ ግን 5 ብቻ ነው። ስለዚህ ዙሪያውን በአንድ ዓይነት ዓይን ብትሄጂ ካሬው ካሬ ሆኖ ይቀራል። ያን የ2 ሴንቲ ክፍተት መሙላት ያለበት ቁመት ያለው ዓይን ነው። በእያንዳንዱ ጎን ከማዕዘኑ ተነሥተሽ ሦስት አጭር፣ ሦስት ረጅም፣ ሦስት ድርብ፣ ሦስት ረጅም፣ ሦስት አጭር ሥሪ፤ 15ቱ አለቀ። በየማዕዘኑ ቀዳዳ ውስጥ ሦስት አጭር ጨምሪ። ጠቅላላው 72 ይሆናል። 72 ደግሞ ከመሐል በክብ ብትጀምሪ ኖሮ ስድስተኛው ዙር ላይ የምትደርሺበት ቁጥር ነው፤ ስለዚህ ከዚህ በኋላ እንደማንኛውም ክብ በየዙሩ 12 እየጨመርሽ ቀጥዪ፦ 84፣ 96፣ 108። መጀመሪያ ላይ ማዕዘኑ ትንሽ ጎላ ቢልብሽ አትፍቺው፤ ሁለት ዙር ካለፈ በኋላ ይጠፋል። ቅድስቱን በቀዳዳ፣ ቅኔ ማኅሌቱን በድፍን ብታደርጊው ሦስቱ ክፍሎች ከሩቅ ይለያሉ።

ለምን 12 እንደሆነ ማወቅ ከሁሉም ይጠቅምሻል፤ ከዚያ በኋላ የማንንም ንድፍ አትለምኚም። የክብ ዙሪያ ከመሐል እስከ ጠርዝ ካለው ርቀት ስድስት እጥፍ ትንሽ ይበልጣል። አንድ ዙር በጨመርሽ ቁጥር ርቀቱ በአንድ ዓይን ቁመት ያድጋል፤ ዙሪያው ስድስት ቁመት ያህል መርዘም አለበት። አጭር ዓይን ቁመቱና ስፋቱ ተቀራራቢ ስለሆነ በየዙሩ 6 ይበቃዋል። ረጅም ዓይን ከስፋቱ ሁለት እጥፍ ያህል ይረዝማል፤ ስለዚህ 12። ከዚህ ካበዛሽ ጠርዙ እንደ ጎመን ቅጠል ይሸበሸባል፤ ካሳነስሽ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ይሰበሰባል። እጅሽ ላላ ያለ ከሆነ ዓይኑ ሊረዝምና 13 ወይም 14 ሊጠይቅሽ ይችላል፤ ስህተት አይደለም፣ ያንቺ እጅ ቁጥር ነው። ደግሞ የምትጨምሪበትን ቦታ በየዙሩ አንዱን በአንዱ ላይ አትደራርቢው፤ ከተደራረበ ክቡ ማዕዘን ያወጣል። አንዱን ዙር ከጭማሪው ጀምሪ፣ ቀጣዩን ሁለት ሦስት ዓይን ርቀሽ።

ጎድጓዳው ግን ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም። ሙዳይ እንዴት እንደሚሰፋ ታውቂያለሽ፤ መቀመጫው ይሰፋል፣ ከዚያ መስፋቱን አቁሞ ግድግዳው ይነሣል። በኪሮሽም እንዲሁ ነው። በወፍራም የጥጥ ክር በአጭር ዓይን 6፣ 12፣ 18 እያልሽ 48 ላይ ስትደርሺ ጭማሪውን አቁሚ፤ በሚቀጥለው ዙር የዓይኑን ኋለኛ ጆሮ ብቻ፣ ማለትም ከላይ ካሉት ሁለት ክሮች ካንቺ የሚርቀውን ይዘሽ ሂጂ፤ ጠርዙ ታጥፎ ግድግዳው ቀጥ ብሎ ይወጣል። ለቡና ቁርስ ማቅረቢያ ትሆናለች። አንድ ነገር ግን ልብ በዪ፦ እንደ ስፌት ቀለም እየቀያየርሽ ቁም መስመር ላውጣ ብትዪ መስመሩ ወደ ቀኝ ይጋደማል። ሁልጊዜ በአንድ ፊት ስለምንዞር እያንዳንዱ ዓይን ከሥረኛው ትንሽ ወደ ቀኝ ያርፋል። ወይ ጋደም የሚለውን መስመር ውደጂው፣ እኔ እወደዋለሁ፤ ወይ በየዙሩ መጨረሻ ገጥመሽ ሥራውን አገላብጪው።

አሁን ወደ ካሬው ልምጣ። የነጠላሽን ጥበብ አውጥተሽ እዪው። ሸማኔው በክር ቆጥሮ ነው የሠራው፤ ለኛ የተቆጠረ ንድፍ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል ማለት ነው። ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ግዢና አንዱን ጥበብ ገልብጪው፦ የተጠቆረ ካሬ ድፍን፣ ነጩ ካሬ ቀዳዳ። ድፍኑ ሦስት ረጅም ዓይን ነው፤ ቀዳዳው ሁለት ሰንሰለትና አንድ ረጅም ዓይን። መሐል ያለው ንድፍ ከሆነ የካሬው ቁጥር ጎዶሎ ይሁን፣ 25 ወይም 31፤ ሙሉ ከሆነ መሐል የሚባል ካሬ አይኖርሽም። የመነሻ ሰንሰለቱ እንዲህ ይቆጠራል፦ የካሬውን ቁጥር በሦስት አባዢ። የመጀመሪያው ካሬ ድፍን ከሆነ 3 ጨምሪና ከኪሮሹ አራተኛው ሰንሰለት ላይ ጀምሪ። ቀዳዳ ከሆነ 5 ጨምሪና ስምንተኛው ላይ ጀምሪ። ዳሩ ድፍን ለሆነ ባለ 25 ካሬ ሥራ 78 ሰንሰለት ማለት ነው።

ሁለት ነገር ይህን ሥራ ያበላሸዋል። አንደኛው የመነሻ ሰንሰለቱ መጥበቅ ነው፤ ከታች ተሸብሽቦ ከላይ ይሰፋል፣ በውኃም በካውያም አይቃናም። ሰንሰለቱን በአንድ ደረጃ ወፈር ባለ ኪሮሽ ሥሪው፣ ከዚያ ወደ ልክሽ ተመለሺ። ሁለተኛው ዳሩ እየጠበበ መሄዱ ነው። በየመስመሩ መጀመሪያ የምትወጪባቸው ሦስት ሰንሰለቶች እንደ አንድ ረጅም ዓይን ይቆጠራሉ፤ የመስመሩ የመጨረሻ ዓይን የሚያርፈው በነሱ ጫፍ ላይ ነው። ያን ጫፍ ስትረሺ በየመስመሩ አንድ ዓይን ትጥያለሽ፤ ከአሥር መስመር በኋላ መጋረጃው ግንድ ሆኖ ተጀምሮ ሽብልቅ ሆኖ ያልቃል።

የብራና ሐረግ አምሮሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እዚህ ገዳማት ያየ ሁሉ ያምረዋል። በካሬ ግን አትሞክሪው። እርስ በርሱ የሚጠላለፍ ቀጭን ቅርጽ ከሦስት ካሬ ካነሰ ደረጃ ይሆንና ይጠፋል። ሐረጉን ድፍን ጨርቅ ሠርተሽ ከላዩ በሰንሰለት እየሳብሽ ሳዪው፤ ያኔ እንደልብሽ ይጠማዘዛል። መስቀል ደግሞ በካሬ ያምራል፤ ለመስኮት መጋረጃ ወይም ለመጽሐፍ መሸፈኛ አድርጊው እንጂ ሰው የሚቀመጥበት ነገር ላይ ባትሠሪው ደስ ይለኛል።

ደንገልን አትርሺ። የደንገል ራስ ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ በቀጭን ጨረር የሚበተን ነው፤ በዙር ይሠራል። ትንሽ ክብ ሠርተሽ በመጨረሻው ዙር ከየዓይኑ 15 ሰንሰለት አውጪና ተመልሰሽ በ14ቱ ላይ ክሩን ብቻ እየሳብሽ ውረጂ። ጨረሩ ከተጠማዘዘብሽ ሰንሰለቱ ጠብቋል ማለት ነው። ታንኳው ደግሞ ከዳር ነው የሚጀምረው፦ ጎን ለጎን የታሰረ የደንገል ነዶ። በመስመር ስትሄጂ ኪሮሹን በዓይኑ ራስ ሳይሆን በግንዱ ዙሪያ ከፊት አዙረሽ ሥሪ፣ ሁለት በፊት ሁለት በኋላ። ጎልቶ የወጣ ነዶ ታያለሽ። ክር ግን ይበላል፣ ጎኑም ይጠብባል፤ ከለመድሽው ሰፋ አድርገሽ ጀምሪ። የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ለጠርዝ ዘርፍ ተዪው፤ እኩል ያልሆኑ ረጃጅም ክሮች ብቻ ይበቁታል። ቀለም ላይ ብዙ አልልሽም፦ የጃካራንዳ ወይን ጠጅ፣ የአደይ ቢጫ፣ በክረምት ጣና የሚይዘው የአፈር ቀለም። ሦስት ቀለም ይበቃል፣ አንዱ ከሌሎቹ ይብዛ።

ከመጀመርሽ በፊት ግን ናሙና ሥሪ። ይህን ችላ እንደምትዪ አውቃለሁና እለምንሻለሁ። 10 ካሬ በ10 መስመር ሥሪ፣ እጠቢው፣ አድርቂው፣ ለኪው። ወርዱ 10 ሴንቲ ሆኖ ቁመቱ 8 ከሆነ ንድፍሽ ተጨፍልቆ ይወጣል፤ 40 መስመር ያሰብሽው 50 መስመር ይፈልጋል። ይኸው ናሙና ስንት ክር እንደሚበቃሽም ይነግርሻል። 100 ካሬ ሴንቲ የሆነ ናሙና በሚዛን 4 ግራም ከመጣ፣ 40 በ100 ሴንቲ የሆነ የጠረጴዛ ልብስ 160 ግራም ይወስዳል፤ በባለ 50 ግራም ድውር ሲታሰብ አራት ነው፣ አምስት ግዢ። ሁሉንም በአንድ ቀን፣ መለያው ላይ ያለው የቀለም ቁጥር ብቻ ሳይሆን የተነከረበት ዙር ቁጥርም (ሎት) አንድ መሆኑን አይተሽ። ቀለሙ አንድ ቢመስልም የተነከረበት ጊዜ ከተለየ ሲሠራ መስመር ያወጣል። ቀይ ክር ከነጭ ጋር የምታዋህጂ ከሆነ ናሙናውን እርጥብ እንዳለ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለሽ አሳድሪው፤ ጨርቁን ካቀላው ተዪው።

ለቀጭን የዳንቴል ክር ከ1 እስከ 1.75 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ፣ ለወፍራም ጥጥ ከ2.5 እስከ 4። በብረት ኪሮሾች ላይ ያለው ቁጥር ሲበልጥ ኪሮሹ ይቀጥናል፤ ስለዚህ ሚሊ ሜትሩን እዪ። የእጅ ፈትል ብታገኚ በነጠላ ክሩ አትሥሪ፣ አንድ ዓይነት ውፍረት ስለሌለው ይበጠሳል፤ ሁለቱን አጥፈሽ አክርሪው።

ሲያልቅ አጥበሽ በፎጣ ላይ በማይዝግ መርፌ ወጥረሽ አድርቂው። የረከቦቱ ልብስ ቀጥ እንዲል ከፈለግሽ አንድ የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠሽ እስኪወፍር አብስይው፣ ቀዝቀዝ ሲል ንከሪው። በስኳር ውኃ የሚያደርቁ አሉ፤ ይደርቃል፣ ግን ጉንዳን ይጠራል፣ የቡና ቦታ ላይ ደግሞ ስኳር እንደማይጠፋ ታውቂያለሽ።

በሚቀጥለው ደብዳቤሽ የረከቦትሽን ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር ጻፊልኝ፤ ከክርሽም አንድ ክንድ ያህል ቆርጠሽ ፖስታው ውስጥ ክተቺው። ስንት ዙር እንደሚደርስ ቆጥሬ፣ በባለ ካሬ ወረቀት ስዬ እልክልሻለሁ። ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።

የምትወድሽ ጓደኛሽ፣
ከባሕር ዳር