ለቅዳሜው የጭላዳ ዝንጀሮ ፎቶ ጉዞ

ሰላም ቤተሰብ! ቅዳሜ ደብረ ሊባኖስ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ቢዘገይ ጠዋት 1 ሰዓት መድረስ አለብን። ጭላዳዎቹ ገደሉ ላይ አድረው ሳር ሊግጡ የሚወጡት ጠዋት ነው፤ ብርሃኑም ያኔ ከጎን ስለሚመጣ የወንዱን ጎፈር ዳር ዳሩን ያበራዋል፣ እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ረፈድ ሲል ፀሐይዋ አናት ላይ ትወጣና ዓይናቸው ጥላ ውስጥ ይገባል። ቆማችሁ ቁልቁል አታንሱ እባካችሁ! ቁጭ በሉ፣ ካሜራውን ከዓይናቸው እኩል አድርጉ፣ ፎከሱን ዓይን ላይ። ሳር ሲነቅሉ ጣታቸው ፈጣን ስለሆነ የሹተር ፍጥነቱን (ካሜራው ለብርሃን ተከፍቶ የሚዘጋበትን ፍጥነት) ከ1/500 ሰከንድ አታውርዱት። በስልክ የምታነሱ ዙም ይቅርባችሁ፣ በኋላ ክሮፕ አድርጉት (የማትፈልጉትን ዳር ቁረጡት)። ምግብ ግን በፍጹም አትስጧቸው፣ አትጠጓቸውም፤ ዝም ብላችሁ ከተቀመጣችሁ እየጋጡ ራሳቸው ይቀርባሉ። ጃኬት ያዙ፣ ጠዋት ይበርዳል።