የመጎተቻ ጋንቾ ከመግዛት በፊት የመኪናውን አቅም መጠየቅ ይቀድማል

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በቤት መኪናው ላይ የመጎተቻ ጋንቾ ለማስገጠም ወደ ጋራዥ የሚመጣ ባለንብረት አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ዋጋውን፣ ቀጥሎም የብረቱን ውፍረት ነው። በሙያዬ መካኒክ እንደመሆኔ መጠን፣ ከሁለቱም በፊት መታወቅ ያለበት መኪናው እንዲጎትት የተፈቀደለት ክብደት መሆኑን ለአንባቢያን ማስረዳት እወዳለሁ።

ይህ ክብደት በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ፍሬን ላለውና ፍሬን ለሌለው ተሳቢ ተለይቶ ይጻፋል። በአውሮፓ አሠራር ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከ750 ኪሎ ግራም ሊበልጥ አይችልም፤ ለትናንሽ መኪኖች ደግሞ ገደቡ ከመኪናው ክብደት ግማሽ እንዳያልፍ ስለሚደረግ 1,000 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና ከ500 በላይ መጎተት የለባትም። አምራቹ ጭራሽ ምንም እንዳይጎትቱ የከለከላቸው ሞዴሎችም አሉ። በእነዚህ ላይ የቱንም ያህል ጠንካራ ጋንቾ ቢገጠም የመኪናው ፍሬንና ሞተር አይለወጡም።

ለእኛ አገር ተጨማሪ ሒሳብ አለ። በርካታ አምራቾች ከባሕር ጠለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ የመኪናው እና የተሳቢው ድምር ክብደት በ10 በመቶ እንዲቀነስ ይመክራሉ፤ ምክንያቱም አየሩ እየሳሳ ሲሄድ የነዳጅ ሞተር ጉልበት ያጣል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የተፈቀደው ድምር 2,500 ኪሎ ግራም ከሆነ ቢያንስ 500 ያህሉ ይቀነሳል ማለት ነው። መኪናው ራሱ ስለማይቀል ቅናሹ በሙሉ የሚያርፈው በተሳቢው ጭነት ላይ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ ደግሞ ችግሩ ከሞተሩ ወደ ፍሬኑ ይዞራል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ጉዳይ ተሳቢው ጋንቾውን ወደ ታች የሚጫንበት ክብደት ነው። ተሳቢው የሚያያዝበት የጋንቾው ክብ ጫፍ ማለትም ኳሱ ከኋላ ጎማዎች 1 ሜትር ወደ ኋላ ቢርቅ፣ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀትም 2.5 ሜትር ቢሆን፣ ኳሱ ላይ ያረፈ 60 ኪሎ ግራም በኋላ ጎማዎች ላይ 84 ኪሎ ሆኖ ይደርሳል፤ የፊቶቹ ግን 24 ኪሎ ይቀልላቸዋል። መሪው የሚላላውና የፊት ፍሬን አስፋልቱን በደንብ የማይዘው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ፈርቶ ጭነቱን በሙሉ ወደ ተሳቢው ጀርባ መግፋትም መፍትሔ አይሆንም፤ እንዲያ ሲደረግ ተሳቢው በፍጥነት ላይ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል።

ስለ አገጣጠሙ ያለኝ አቋም ቁርጥ ያለ ነው፤ በቤት መኪና ላይ ጋንቾ አይበየድም። ዘመናዊ የቤት መኪኖች እንደ ጭነት መኪና የተለየ ሻንሲ የላቸውም፤ አካላቸው ከስስ ላሜራ የተሠራ ሲሆን፣ አምራቹ ለጋንቾ ያዘጋጃቸው የተጠናከሩ ቀዳዳዎች ካሉ ገጠማው በእነሱ ላይ በብሎን ነው የሚሆነው። ከወራት በኋላ ከብየዳው ጎን ዝገት የለበሰ ቀጭን ስንጥቅ የሚወጣው ሙቀቱ ላሜራውን ስለሚያደክመው ነው፤ ፓራውልቱ ስለሚሸፍነውም ባለቤቱ አያየውም። ብሎኖቹም ቢሆኑ ከተወሰነ ጉዞ በኋላ እንደገና መጥበቅ አለባቸው።

መኪኖቻችን ከተለያየ አገር ስለሚመጡ የኳሱ መጠንም አንድ ዓይነት አይደለም። የአውሮፓው 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ በአሜሪካ ልክ የተሠሩት ደግሞ 47.6 እና 50.8 ሚሊ ሜትር ሆነው ይገኛሉ። ለትልቁ የተሠራ የተሳቢ መያዣ በትንሹ ኳስ ላይ ያለ ችግር የተቆለፈ ይመስላል፤ ጉድጓድ ሲያጋጥም ግን ሊዘል ይችላል። መጠኑ ብዙውን ጊዜ በኳሱ አናት ላይ ስለሚቀረጽ አጎንብሶ ማንበብ በቂ ነው።

በክረምት ጭቃ የያዘውን መኪና ለማውጣት ገመድ በኳሱ ላይ አስሮ በኃይል መንጨቅ የተለመደ ሆኗል። ኳሱ የተሠራው ለተረጋጋ ጉተታ እንጂ ለእንዲህ ዓይነት ድንገተኛ ንጭቂያ አይደለም፤ ተሰብሮ ከተፈናጠረ በአቅራቢያው የቆመን ሰው ሊገድል ይችላል። መኪናው ለመጎተት የተሠራ የራሱ ቀለበት አለው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ብዙዎቻችን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና እየዞርን ነው። እነዚህ በከፍታ ምክንያት ጉልበት አያጡም፤ ነገር ግን ሁሉም ለመጎተት የተፈቀዱ አይደሉም፤ ተሳቢ ሲጨመርባቸውም በአንድ ቻርጅ የሚሄዱት ርቀት በእጅጉ ይቀንሳል። የተሳቢውን መብራት ከኋላ መብራት ሽቦ ላይ ቀጥሎ መውሰድም የመኪናውን ኮምፒውተር ሊያበላሽ ስለሚችል ለሞዴሉ የተሠራ የራሱ ማገናኛ ይፈለግ።

በመጨረሻም ለቦሎ የሚደረገውን ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ የሚያካሂዱ ባለሙያዎች ጋንቾ ያለበት መኪና ሲቀርብላቸው ከፓራውልቱ ሥር ገብተው አገጣጠሙን እንዲመለከቱ፣ የተበየደ ካገኙም እንዲያስነሱ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ