ከረጢቱ ላይ ስለቀየርነው አንድ ፊደል

ለውድ ደንበኞቻችን፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ከዚህ ወር ወዲህ በበሶና በቆሎ ከረጢታችን ላይ አንድ ፊደል ተለውጧል። «ከገበሬው ማሳ» ይል የነበረው «ከገበሬዋ ማሳ» ሆኗል። ሱቃችን መጥታችሁ «ተሳስታችሁ ነው?» ያላችሁን አላችሁ። የተሳሳትነው ፊት ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ። እንዴት እንደሆነ ልንነግራችሁ፣ በዚያውም ስለ ዋጋውና ስለ መጠኑ ልናስረዳችሁ ይህን ጻፍን። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሥራውን ስንጀምር ትልቁ ችግራችን ገብስ ነበር። እዚህ በካናዳዋ የአልበርታ ክፍለ ሀገር፣ ካልጋሪ ከተማ፣ ሱቅ የሚገኘው በማሽን ተፈትጎ ነጥቶ የሚመጣ የሾርባ ገብስ ነው፤ ብታምሱት ያ የምታውቁት ሽታ አይወጣውም። ሰው አጠያይቀን፣ በመኪና ከሁለት ሰዓት በላይ ተጉዘን፣ ከሃና ከተማ ወዲያ አንድ እርሻ ደረስን። ዛፍ የማይታይበት፣ ዓይን እስኪደክም የተዘረጋ ሜዳ ነው። በሩን የከፈቱልን የ87 ዓመት ሴት አዛውንት ነበሩ። ሰላም ብለን «ገበሬው አሉ?» ብለን ጠየቅን። መልስ አልሰጡንም። ወደ ጎተራው ወሰዱን፤ እፍኝ ገብስ ዘግነው አንዷን ፍሬ በፊት ጥርሳቸው ነከሱና ቀጭ ስትል አሰሙን። «ደርቋል፣ ውሰዱ» አሉ። እናቶቻችን ገበያ ላይ የሚያደርጉት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በመካከላችን ስማቸው «እማማ» ሆነ። ትክክለኛ ስማቸውን እዚህ ያልጻፍነው እሳቸው ስለማይወዱ ነው፤ ልጆቻቸውም አደራ ብለውናል።

ባለቤታቸው ካረፉ ያን ጊዜ ሃያ ዓመት አልፏል። የሚዘሩትም የሚያሳጭዱትም እሳቸው ነበሩ። እኛ ግን ከረጢቱን ስናሳትም ምንም ሳናስብ «ገበሬው» አልን።

እማማ ባለፈው የካቲት በ96 ዓመታቸው አርፈዋል።

የተወለዱት በ1928 እዚያው ሜዳ ላይ ነው። ነፍስ ሲያውቁ ድርቁ መጣ። በ1930ዎቹ የአልበርታ ምሥራቅና ጎረቤቷ ሳስካችዋን አፈራቸው በነፋስ ተነስቶ ቀኑን ያጨልመው ነበር። እናታቸው መስኮቱ ላይ እርጥብ ጨርቅ ይወትፋሉ፤ ሳህኑ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ይቀመጣል፣ ምግቡ ሲቀርብ ብቻ ይገለበጣል፤ አለበለዚያ የሚበላው አቧራ ነው። ከምሥራቅ የባሕር ዳርቻ በባቡር የእርዳታ ዓሣ መጣላቸው፤ እንደ እንጨት የደረቀ፣ በጨው የታሸ። ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው እንዴት ያብስለው? ብዙ ጎረቤት ቤቱን ጥሎ ሄደ። በ1938 የአልበርታ መንግሥት አካባቢውን በልዩ አስተዳደር ሥር አደረገው። የእማማ ቤተሰብ አልሄደም።

በ1948 አገቡ፤ ስድስት ልጆች ወለዱ። መብራት የገባላቸው ገበሬዎቹ ራሳቸው የኅብረት ሥራ ማኅበር መሥርተው፣ ከኪሳቸው አዋጥተው፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። እስከዚያ ውኃ በባልዲ፣ ልብስ በእጅ ነበር። አጨዳ ሲደርስ ሌሊት ተነስተው ይጋግራሉ፣ ቀትር ላይ ምሳውን በጭነት መኪና ማሳው ድረስ ያደርሳሉ፣ እህሉንም ወደ ጎተራ ያመላልሳሉ፣ ማታ ላሞቹ ይጠብቋቸዋል። የወተቱን ስልባቦት በብረት ጣሳ ለባቡሩ ይልካሉ። የስልባቦቱና የእንቁላሉ ብር የእሳቸው ነበር፤ የልጆች ጫማ የሚገዛው በዚያ ነው። ይህን ሲያጫውቱን አንዷ ሠራተኛችን እንባዋ መጣ፤ እናቷ ጎጃም ውስጥ ያሳደጓት በዶሮ ብር ነው።

የካናዳ መንግሥት ከ1945 ጀምሮ ለልጆች ማሳደጊያ በየወሩ ገንዘብ ይከፍል ነበር፤ ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ 5 ዶላር። ቼኩ የሚጻፈው በእናትየዋ ስም ነው። እማማ ከገንዘቡ ይልቅ ደጋግመው የሚያነሱት ስማቸው የታተመበትን ያንን ወረቀት ነበር።

መሳቢያቸው ውስጥ አንድ ቢጫ የሆነ የጋዜጣ ቁራጭ ነበር። በ1973 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው የአይሪን መርዶክ ጉዳይ ነው። ይህች የአልበርታ ሴት ባሏ በዓመት አምስት ወር ያህል ሌላ ሥራ ላይ ሲሆን የከብት እርባታውን ብቻዋን ታስኬድ ነበር፤ ድርቆሽ ትሰበስባለች፣ መኪና ትነዳለች፣ ከብት ትከትባለች። ሲለያዩ ድርሻዬ ይሰጠኝ አለች። ፍርድ ቤቱ አራት ለአንድ በሆነ ድምፅ ከለከላት። የሠራችው ማንኛዋም የአርቢ ሚስት የምትሠራውን ነው ተባለ። የተለየው ድምፅ የዳኛ ቦራ ላስኪን ነበር። ሴቶች አገር ምድሩን አነቃነቁ፤ በ1978 አልበርታ የጋብቻ ንብረት ሕግ አወጣች። እማማ ሕጉን አልጠበቁም። ጋዜጣውን ያነበቡ ማታ ባለቤታቸው ፊት አስቀመጡት፤ በሳምንቱ ሁለቱ አብረው ከተማ ሄደው የመሬቱ ደብተር ላይ የእሳቸውም ስም ገባ። እኛ ይህን ስንሰማ ያደነቅነው ባልየውንም ጭምር ነው።

አንድ ነገር ግን እስከ 1991 ቆየ። እስከዚያ ድረስ የካናዳ የግብርና ቆጠራ ለአንድ እርሻ የሚመዘግበው አንድ ገበሬ ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት ከአንድ በላይ መጻፍ ተፈቀደ። እማማ ገበሬ ተብለው የተቆጠሩት በ63 ዓመታቸው ነው። ይህን ያወቅነው ከቀብራቸው በኋላ ልጃቸው ስትነግረን ነው። ለካ እኛም ከቆጠራው በኋላ ሃያ አምስት ዓመት ቆይተን ያንኑ ስህተት ከረጢት ላይ አትመን ስንሸጥ ኖረናል። አፍረናል፤ ፊደሉን የቀየርነውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ገበያው ነገር እንምጣ። እርሻውን የልጅ ልጃቸው ተረክባለች፤ ስለዚህ «ገበሬዋ» የሚለው ቃል እንዳለ ይቀጥላል። ነገር ግን የወንድሞቿን የመሬት ድርሻ ለመግዛት ከማሳው የተወሰነውን ለጎረቤት ስላከራየች፣ ዘንድሮ የዘራችው ገብስ ያምናው ግማሽ ነው። አዲሱ እስኪደርስ፣ ማለትም እስከ መስከረም፣ ለአንድ ቤተሰብ በወር ከሁለት ከረጢት በላይ መሸጥ አንችልም። የበሶው ዋጋ በኪሎ 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይጨምራል፤ ጭማሪው በሙሉ የሚሄደው ለገብሱ ነው። ለፍልሰታ ጾም የምትፈልጉ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ድረስ ብትነግሩን እናስቀምጥላችኋለን።

አሮጌው ጽሑፍ ያለበት ከረጢት እቤታችሁ ካለ አትመልሱት። ውስጡ ያለው እማማ በመጨረሻው መኸር በጥርሳቸው ፈትነው ያስጫኑልን ገብስ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የበሶና የቆሎ ቤታችሁ ሠራተኞች፣ ካልጋሪ