ቡናው በሰኔ ቀላ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ሳምንት ስለ አዲሱ ልብ ወለድ ያወጣችሁትን ሙገሳ አነበብኩት። መጽሐፉንም ጨርሼዋለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ጸሐፊያችሁ ያነበቡት ሌላ መጽሐፍ ነው እንዴ ብያለሁ።

መጀመሪያ ግን ይታወቅልኝ፤ ደራሲውን እወዳቸዋለሁ። የጻፉትን አንድ ሳላስቀር አንብቤያለሁ፣ አንዳንዱን ደጋግሜ። ይሄኛው ታተመ ሲባል እዚህ ጅማ እስኪመጣ መጠበቅ አቅቶኝ፣ አዲስ አበባ የሄደ ጓደኛዬን ነዝንዤ ነው ያስመጣሁት። ታሪኩ ደግሞ ጅማ ላይ ነው ተባለ። እንዴት አልጓጓ?

ባለታሪኳ በሰኔ ዝናብ ቀይ እሸት ቡና ትለቅማለች። በሰኔ! እዚህ ለቀማው የሚደራው ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው፤ በሰኔ ዛፉ ላይ ያለው ገና አረንጓዴ ጥሬ ፍሬ ነው። ይህን ለማወቅ የግብርና ምሩቅ መሆን አይጠይቅም፣ ያገኙትን ልጅ ቢጠይቁ ይነግራቸው ነበር። ቆይታ ደግሞ ከጅማው መርካቶ ተነስታ በአምስት ደቂቃ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ደጅ ትደርሳለች፣ በእግሯ፣ ያውም በታኮ ጫማ። ቤተ መንግሥቱ ያለበት ጅሬን እኮ ከከተማው ወጣ ብሎ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ዳገት ነው። ልጅቷ ክንፍ አላት?

ይሁን፣ ልብ ወለድ ነው ብለን እንለፈው። እኔን ያበሸቀኝ ሰዎቹ ናቸው። ቡና ነጋዴው፣ አሮጊቷ እናት፣ የባጃጁ ልጅ፣ ሁሉም የሚያወሩት በደራሲው አፍ ነው። የባጃጁ ልጅ መልስ ሊሰጥ ሳንቲም እየፈለገ ስለ ትውልድ መክሸፍ ገጽ ተኩል ይሰብካል። በዚህ ሁሉ ገጽ አንድም ሰው ኦሮምኛ ትንፍሽ አይልም፤ ጅማ ውስጥ እኮ ሰው «አካም ጅርታ» ብሎ ጀምሮ በአማርኛ ቀጥሎ መልሶ በኦሮምኛ ነው ወሬውን የሚጨርሰው።

ድሮ እንዲህ አልነበሩም። በመጀመሪያው መጽሐፋቸው አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አለች። ባለሱቁ ዱቤ ሲከለክላት አትከራከርም፣ አታለቅስም። የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮ በጥርሷ ትፈታና ያለቻትን ሳንቲም ባንኮኒው ላይ አንድ በአንድ ትደረድራለች፣ በቃ። ይህን ያነበብኩ ቀን መጽሐፉን አጥፌ ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር። የአሁኗ ባለታሪክ እናቷ ስትሞትባት ደራሲው ሐዘኗን ሁለት ገጽ ሙሉ ያስረዱናል፤ እኔም ሁለቱን ገጽ ዘለልኳቸው።

እናትየዋ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ዘይነባ ናት፣ ስትቀበር ፋጡማ። የማን ቀብር ላይ እንደቆምኩ ግራ ገባኝ። አርታኢ የሚባል ሰው አላየውም ማለት ነው? ወይስ አንጋፋ ደራሲ ናቸውና ማን ደፍሮ ይንገራቸው ተባለ? እኔ የምጠረጥረው ሁለተኛውን ነው፤ እንዲህ ያለው መከበር ደግሞ የሚጎዳው ራሳቸውን ነው።

የእናንተ ጸሐፊ ግን ስለ ስሙም፣ ስለ ቡናውም አንዲት ቃል አልተነፈሱም። «ረቂቅ ጥበብ» ብለው አለፉት። ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የእናንተን ገጽ ነው የሚያየው። መጽሐፉን እስከ መጨረሻው አንብበውት ከሆነ፣ የተቀበረችው ማን እንደሆነች በሚቀጥለው እትም ይንገሩኝ።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ