ሚጡዬ፣ እጅሽን አሳርፊ

ሚጡዬ እንደምነሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፣ ጅማ ዝናቡ አላባራም፣ እናትሽም ጉልበቴን ከማለት በቀር ደህና ናት። ስልክ ላይ ስለማታስጨርሺኝ ነው የምፅፍልሽ። አብራሽ የምትኖረው ልጅ ለእናትሽ በቴሌግራም ነግራታለች፣ የቀኝ እጅሽ አንጓ አብጦ በፋሻ ጠቅልለሽ ነው አሉ እዚያ ጀርመን የቸርቹን የቧንቧ ኦርጋን የምትለማመጂው። እሷን እንዳትቆጪያት፣ ደግ አደረገች። እጅሽ ካመመሽ አቁሚ።

የምትዪኝን አውቀዋለሁ። አባዬ ኮንሰርቱ ደርሷል፣ ኦርጋን እንደ ጊታር ቤት አይወሰድ፣ ቸርቹ ባዶ ሲሆን ካልተለማመድኩ መቼ ልለማመድ ነው ትያለሽ። በእጅ የሚመታው የቁልፍ ረድፍ፣ ማኑዋል የምትዪው፣ አንዱ ቦታ ሁለት ሌላው ጋ አራት፣ ድምፁን የሚቀይረው ሬጅስተር ሁሉ ቦታው ይለያያል፣ በሄድሽበት እንደ አዲስ ነው፣ እሱ ይገባኛል። ግን አሮጌው ኦርጋን ላይ ማኑዋሎቹ ሲያያዙ ቁልፉ ይከብዳል ያልሽኝ አንቺው አይደለሽ? እሱን በብርድ ቸርች ውስጥ በታመመ እጅ መታገል ምን የሚሉት ነው?

እምቢ ካልሽ በእግርሽ ተለማመጂ፣ እግርሽ አልታመመ። እዚህ ሳለሽ በረንዳው ላይ ነጩን በጠመኔ ጥቁሩን በከሰል አድርገሽ በእግር የሚጫነውን 30ውን የፔዳል ቁልፍ ስለሽ፣ አግዳሚውን በጡብ አስረዝመሽ፣ በካልሲ ተረከዝና ጣት ስታፈራርቂ ስንት ጊዜ አመሸሽ፣ ዝናብ ሲያጥበው ደግሞ እንደገና ትስያለሽ። የኛ ቸርች ኪቦርድ ፔዳል የት አለውና። እናትሽ ይቺ ልጅ ነክቷታል እንዴ ብላ ነበር፣ ያኔ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ አሁን ስናገር ስሚኝ።

ቁምሳጥኑ ላይ ያለውን አኮርዲዮን ለምን አትነካውም እያልሽ ትጠይቂኝ ነበር። በ1977 መግቢያ ለተከበረው ለአብዮቱ አስረኛ አመት በዓል ክረምቱን ሙሉ ስንለማመድ፣ ያን ጊዜ ኪነት ቡድን ውስጥ ነኝ፣ ግራ እጄን ያቃጥለኝ ጀመር፣ ቤዙን የምጫንበት፣ ያንን ሁሉ ሸክም የምስብበት እጅ። ለሃላፊው ብናገር ከበዓሉ በኋላ ታርፋለህ አለኝ። በዓሉ አለፈ፣ ሁለቱ ጣቶቼ ግን ይኸው እስከዛሬ አይጨበጡም፣ ሲኒ ስይዝ አይተሽ የለ። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ፣ አንዳንዴ ማታ እናትሽ ስትተኛ አወርደውና በቀኝ እጄ ብቻ... ተይው ይሄን። እጅሽ ካመመሽ አቁሚ ነው የምልሽ።

እሁድ እሁድ የምትጫወቺበትን ቸርች ደግሞ ፈቃድ መጠየቅ ፈርተሻል አሉ፣ ምትክ ካገኙ ቦታዬን ያስቀሩብኛል ብለሽ። የእሁዱን ስራ አትናቂ፣ የቤት ኪራይሽ ከሱ ነው፣ ኮንሰርት እንጀራ የሚሆንሽ ገና ወደፊት ነው። ግን ያ ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ባህ ምን አደረገ ብለሽ ነበር የነገርሽኝ? በ20 አመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1705፣ ታላቁን ኦርጋን ተጫዋች ቡክስቴሁዴን ልስማ ብሎ ከሚሰራበት ከአርንሽታት ሉቤክ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግሩ ሄዶ፣ ከጅማ አዲስ አበባ እንኳን ያን ያህል አይሆንም፣ 4 ሳምንት አስፈቅዶ 4 ወር ገደማ ቆይቶ መጣ! አለቆቹ ጠርተው ተቆጡት እንጂ አላባረሩትም። አንቺ የምትጠይቂው ሁለት ሳምንት ነው፣ ያውም በሀኪም ወረቀት። ኮንሰርቱንም ቢሆን ቀን ቀይሩልኝ በያቸው፣ በአፍሽ ጠይቂ እንጂ ሰው ልብሽን አያነብም።

በርበሬና የተቆላ ቡና የጎረቤታችን ልጅ ይዞልሽ ይመጣል፣ ፍራንክፈርት ነው የሚወርደው፣ ደውይለት። ካርቶኑን በቀኝ እጅሽ እንዳታነሺ! በዚህ ብርድ ያለ ጓንት እንዳትወጪ። ጎረቤታችንም ለልጁ ሰርግ መጥታ ትጫወትልናለች ወይ ብሎኛል፣ የሷ የሰርግ ኦርጋን አይደለም፣ ሌላ ነው ብዬ ብነግረውም አልገባውም፣ እሺ አልኩት።

ሰኞ ሀኪም ጋ ትሄጃለሽ፣ ኢንሹራንስሽ እያለ ምን ትጠብቂያለሽ። ያለሽን ነገር ፅፈው ሲሰጡሽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ለእናትሽ ሳይሆን ለኔ፣ ጀርመንኛውን የሚያነብልኝ ሰው አለ፣ ስለዚህ ቀንሰሽ አትንገሪኝ።

አባትሽ