እማዬ፣ ቅጹ ላይ «ደህና ነኝ» እንዳትዪ

ለንደን፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የአቴንዳንስ አላዋንስን (መንግሥት በሕመም ምክንያት ሰው ለሚያስፈልጋቸው አረጋውያን የሚሰጠውን ድጎማ) ነገር በስልክ ሳነሳብሽ «እኔ ደህና ነኝ፣ ለባሰበት ይስጡት» ብለሽ ስለምትዘጊው በደብዳቤ ጻፍኩልሽ። መነጽርሽን አድርጊና ቀስ ብለሽ አንብቢው።

በቅድሚያ «ለባሰበት ይስጡት» ያልሽውን ልመልስ። ይህ ገንዘብ ቀድሞ የመጣ የሚሻማበት፣ አንዱ ሲወስድ ለሌላው የሚጎድል አይደለም። መስፈርቱን ያሟላ ሁሉ ያገኘዋል። የጡረታ ዕድሜ፣ ይህን ስጽፍ 66 ዓመት ማለት ነው፣ የደረሱና በሕመም ምክንያት ሰው የሚያስፈልጋቸው ይጠይቁታል። ገቢሽን አያዩም፣ ባንክ ያለሽን አይጠይቁም፣ ታክስም የለበትም። እስከ 2026 ኤፕሪል ባለው ክፍያ (ከታች የምጠቅሳቸው ቁጥሮችም የዚያው ጊዜ ናቸው)፣ በቀን ብቻ ወይም በሌሊት ብቻ እርዳታ ለሚያስፈልገው በሳምንት 73.90 ፓውንድ ነው፤ ቀንም ሌሊትም ለሚያስፈልገው 110.40። አብዛኛውን ጊዜ በየአራት ሳምንቱ ባንክ ይገባል። ምን ላይ እንዳዋልሽው የሚጠይቅሽ የለም፤ ለታክሲ ይሁን፣ ቤት ለምታጸዳልሽ ሴት ይሁን፣ ያንቺ ጉዳይ ነው።

ወደ ኋላ ተቆጥሮ ግን አይከፈልም። የዘገየንበት ሳምንት ሁሉ የጠፋ ነው። ስለዚህ ቅጹን ከኢንተርኔት ከማውረድ በ0800 731 0122 ደውለን በፖስታ እንዲልኩልን ማድረግ ይሻላል። በስልክ ያስላኩት ቅጽ ቀን ይጻፍበታል፤ በስድስት ሳምንት ውስጥ ሞልተን ከመለስነው ክፍያው ከደወልንበት ቀን ጀምሮ ይታሰባል። ከኢንተርኔት የወረደው ግን እነሱ እጅ ከደረሰበት ቀን ነው የሚታሰበው። አማርኛ አስተርጓሚ ስጡኝ ማለትም ይቻላል፣ አያስከፍልም።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። እንደ አንቺ ያሉ እናቶች ይህን ገንዘብ የሚከለከሉት ሕመማቸው ስላነሰ አይደለም፤ ሲጠየቁ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ስለሚሉ ነው። ጎረቤት ሲጠይቅሽ ተመስገን በይ፣ ቄሱም ሲጠይቁሽ እንዲሁ። ቅጹን የሚያነበው ሰው ግን አንቺን አይቶሽ አያውቅም፣ ቤትሽም አይመጣም ማለት ይቻላል፤ በዋናነት በወረቀቱ ላይ ባለው ነው የሚፈርደው። «ደህና ነኝ» ካልሽው «ደህና ናት» ብሎ ይዘጋዋል።

ጥያቄዎቹ በየገጹ ይደጋገማሉ፦ ምን ያስቸግርሻል፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ በያንዳንዱ ስንት ደቂቃ። «ልጄ ታግዘኛለች» ብሎ ማቆም ምንም እንዳልተጻፈ ነው። ገላ መታጠቡን እንውሰድ። እንዲህ መጻፍ አለበት፦ «ቀኝ እግሬን አንስቼ የገንዳውን ጠርዝ መሻገር አልችልም። ሰው ብብቴን ይዞ ያሻግረኛል፣ ጀርባዬንና እግሬን ያጥብልኛል፣ ስወጣም ይደግፈኛል። ግድግዳው ላይ መያዣ ብረት አለ፤ ጣቶቼ ስለሚደነዝዙ ግን አጥብቄ መያዝ አልችልም። 25 ደቂቃ ይፈጃል። በሳምንት ሦስት ቀን ሰው ስላለ እታጠባለሁ፤ በቀሩት ቀኖች ማንም ስለሌለ ፊቴንና እጄን ብቻ ታጥቤ እውላለሁ።»

ያቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ትልቅ ዋጋ አላት። የሚመዘነው ያገኘሽው እርዳታ ሳይሆን የሚያስፈልግሽ እርዳታ ነው። ብቻሽን ስለምትኖሪ ብዙ ነገር ትተሽዋል፤ የተውሽውም ይቆጠራል። ስለ ብረቱ የተጻፈውም ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የእምቢታ መልስ «በመያዣ ወይም በምርኩዝ ራሷን ትችላለች» የሚል ነው፤ መሣሪያው እያለም ለምን እንደማይበቃ አስቀድሞ መነገር አለበት።

ምን እንደማይቆጠርም እወቂ። እንጀራ መጋገር አቃተኝ፣ ገበያ መውጣት አልቻልኩም፣ ቤቱን አላጸዳም፣ ይህ ሁሉ እውነት ቢሆንም እዚህ ላይ አይጠቅምሽም። የሚፈልጉት ከራስሽ ሰውነት ጋር የተያያዘውን ነው፦ ከአልጋ መነሳት፣ መልበስ፣ ሽንት ቤት፣ ቤት ውስጥ መንቀሳቀስ፣ መብላት፣ መድኃኒት በሰዓቱ መውሰድ። እንግሊዝኛ አለመቻልም ለብቻው አይቆጠርም። የስኳርሽ ነገር ግን በደንብ ይጻፍ። እግርሽ ስለማይሰማሽ ቁስል እንዳለው ሌላ ሰው በየቀኑ ማየት አለበት፤ ስኳሩ ሲወርድብሽ ስለምትደነባበሪ አጠገብሽ የሚሆን ሰው ያስፈልግሻል። የእግር ጣትሽን ጎንበስ ብለሽ ማየት አለመቻልሽ ላንቺ ተራ ነገር ነው፤ ለእነሱ አንድ ሙሉ መልስ ነው።

ሌሊቱን ደግሞ ለብቻ ይጠይቃሉ። ሌሊት የሚሉት ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ ያለውን ጊዜ ነው። ሁለት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ እርዳታ የሚያስፈልግሽ ከሆነ፣ ወይም አንዱ እርዳታ 20 ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ ከሆነ፣ የሌሊቱን መስፈርት ያሟላል። ለሽንት ስትነሺ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘሽ እንደምትሄጂ፣ እንደምትንገዳገጂ፣ የልብስሽን ነገር፣ ሁሉንም እንጽፈዋለን። እንደማታፍሪብኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ስለ መውደቅም ይጠይቃሉ፤ መቼ፣ የት፣ እንዴት ተነሳሽ የሚለውን አስቢበት። ቀኑን በውል ባታስታውሺ «ከፍልሰታ በፊት» ማለት በቂ ነው፣ የፈረንጁን ቀን እኔ አሰላዋለሁ።

«ቤተ ክርስቲያን እየሄድኩ እንዴት በሽተኛ ነኝ እላለሁ?» ትዪኝ ይሆናል። ቅዳሴ መሄድሽ አይከለክልሽም። እንዴት እንደምትሄጂ ንገሪያቸው፤ ሰው በመኪና አድርሶ፣ ደረጃው ላይ ደግፎ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተቀምጠሽ። ማጋነን አንፈልግም፣ መዋሸት ደግሞ ወንጀል ነው። ደህና የሆንሽበትን ቀን ብቻ አንስተን የከፋውን መደበቅም ግን እውነቱን አለመናገር ነው። ሁለቱንም እንጽፋለን፦ በሳምንት ስንት ቀን እንዲህ፣ ስንት ቀን እንዲያ።

አሁን ስለ እህቴ። «እሷ ናት የምትለፋው፣ ለእሷ ይክፈሏት» ያልሽው ልክ ነው፣ ለእሷም የተለየ ክፍያ አለ። ኬረርስ አላዋንስ ይባላል፤ በሳምንት 83.30 ፓውንድ። አንቺ አቴንዳንስ አላዋንስ ከተፈቀደልሽና እሷ በሳምንት ቢያንስ 35 ሰዓት የምትረዳሽ ከሆነ መጠየቅ ትችላለች፤ በዚህኛው ምግብ ማብሰሉም ገበያውም ይቆጠራል። ግን ቶሎ እንዳትጠይቅ እፈልጋለሁ። ምክንያቱን በሂሳብ ላሳይሽ።

አንቺ ፔንሽን ክሬዲት፣ ገቢው ዝቅ ላለ ጡረተኛ የሚሰጠውን ድጎማ፣ ታገኛለሽ። አቴንዳንስ አላዋንስ ሲፈቀድልሽ ፔንሽን ክሬዲትሽ ላይ በሳምንት 82.90 ፓውንድ ተጨማሪ ይመጣል፤ ለከባድ የአካል ጉዳት የሚሰጥ ነው። ሁለት ቅድመ ሁኔታ አለው፦ ብቻሽን መኖርሽና አንቺን በመንከባከብ ኬረርስ አላዋንስ የሚከፈለው ሰው አለመኖሩ። እህቴ 83.30 መቀበል ስትጀምር ያንቺ 82.90 ይቆማል። ቤተሰቡ ያተረፈው 40 ሳንቲም፣ እሱም የሷ ታክስ የሚከፈልበት ገቢ ነው።

እሷ ዩኒቨርሳል ክሬዲት (ጡረታ ላልደረሰና ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጥ ድጎማ) ላይ ስላለች ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ኬረርስ አላዋንሱን ከዩኒቨርሳል ክሬዲቷ ላይ ሳንቲም በሳንቲም ይቀንሱታል። የሚተርፋት ለተንከባካቢ የሚጨመረው በወር 201.68 ፓውንድ ብቻ ነው። ያንን ጭማሪ ብቻውን ብትወስድም ያንቺ 82.90 ይቆማል፤ ያም በወር 359 ፓውንድ ገደማ ነው። በወር ወደ 157 ፓውንድ ከቤታችን ይወጣል ማለት ነው። ገንዘቡን አንቺ ተቀብለሽ ለሷ እጅ በእጅ ብትሰጫት ሁላችሁም ትጠቀማላችሁ። ጠቅልላ ካንቺ ጋር ለመኖር ከገባች ግን ብቻሽን መኖርሽ ስለሚቀር 82.90ው ያኔም ይቆማል፤ ሂሳቡ ይገለበጥና እሷ ብትጠይቅ ነው የሚሻለው።

ሌላም የምፈራው ነገር አለ። ኬረርስ አላዋንስ የሚቀበል ሰው ከሥራ የሚያገኘው ታክስና የመሳሰለው ተቀንሶ በሳምንት ከ196 ፓውንድ መብለጥ የለበትም። በአንድ ፓውንድ ካለፈ የሚቀነሰው ያቺ አንድ ፓውንድ አይደለችም፤ የዚያ ሳምንት 83.30 በሙሉ ይቀራል። 196 ማለት በዝቅተኛው ደመወዝ 16 ሰዓት ነው። እህቴ ለገና ሰሞን አንድ ተጨማሪ ሺፍት ብትሠራ ታልፈዋለች። ብዙ ተንከባካቢዎች ሳያውቁት ለዓመታት አልፈው በሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ መልሱ ተብለዋል፤ አገሪቱን ያነጋገረ ጉዳይ ነው። ከጡረታ መዋጮዋ ግማሹን ከገቢው መቀነስ እንደሚቻል ደግሞ ብዙ ሰው አያውቀውም።

ለእሷ ሌላ የሚጠቅማት አለ። ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) የተንከባካቢ ግምገማ እንዲያደርግላት መጠየቅ ትችላለች፤ ገቢዋ ምንም ይሁን ምን መብቷ ነው። ከ2024 ኤፕሪል ወዲህ ደግሞ ሠራተኛ ሁሉ ሰው ለመንከባከብ በዓመት አንድ ሳምንት ያለ ደመወዝ ፈቃድ የመውሰድ መብት አለው፣ ከተቀጠረበት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። አለቃዋ አያውቅ ይሆናል፣ ትንገረው።

አቴንዳንስ አላዋንስ የፈቀደው ክፍል ለፔንሽን ክሬዲቱ ክፍል ይነግራል ብለን አንቀመጥም። የፈቃድ ደብዳቤው በመጣ ዕለት እኛው ደውለን እንነግራቸዋለን፤ 82.90ዋ የምትቀረው ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው። እምቢ ካሉም ደብዳቤው ላይ ካለው ቀን ጀምሮ አንድ ወር አለን፤ እንደገና እንዲያዩት እንጠይቃለን፣ ያም ካልሆነ ፍርድ ጉባኤ አለ። እምቢታው ላይ ተስፋ ቆርጦ መተው ነው ትልቁ ጥፋት።

ሆስፒታል ብትተኚ ከ28 ቀን በኋላ አቴንዳንስ አላዋንሱ ይቆማል፣ ስትወጪ ይቀጥላል፤ መንገር የኛ ነው። አገር ቤት ስትሄጂም እንዲሁ። የመጀመሪያውን 13 ሳምንት፣ 91 ቀን ይከፍሉሻል። ዘንድሮ ከገና እስከ ፋሲካ 95 ቀን ነው፣ ያልፋል፤ ከጥምቀት እስከ ፋሲካ ግን 83 ነው። ፔንሽን ክሬዲቱና የቤት ኪራይ ድጎማው ግን እንዲህ አይታገሡም። ከአራት ሳምንት በላይ ልትቆዪ አስበሽ ከሄድሽ ከመሄጃሽ ቀን ጀምሮ ሊቆሙ ይችላሉ። ስለዚህ ትኬቱን ከመቁረጥሽ በፊት ደውዪልኝ። የጾሙን ጊዜ እዚያ ማሳለፍ እንደምትፈልጊ አውቃለሁ፤ አትሂጂ አላልኩም፣ ኪራዩ ከየት እንደሚከፈል አስቀድመን እንወቅ ነው ያልኩሽ።

ይህን ደብዳቤ ግላስጎው ላለችው አክስቴ በስልክ እንዳታነቢላት። ስኮትላንድ ውስጥ ክፍያዎቹ ስማቸውም የሚጠየቁበት ቢሮም ሌላ ነው፤ ለሷ ለብቻ እጽፍላታለሁ። ጓደኛሽም ቪዛዋ ላይ የመንግሥት ድጎማ መጠየቅ አይፈቀድም የሚል ካለበት፣ አማካሪ ሳትጠይቅ ምንም ቅጽ እንዳትሞላ፤ ቪዛዋን ሊያበላሽባት ይችላል።

ቅዳሜ ከሰዓት እመጣለሁ። እስከዚያ የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥርሽ ያለበትን ወረቀት፣ የጂፒሽን (የሰፈር ሐኪምሽን) ስምና አድራሻ፣ ፋርማሲው የሚሰጥሽን የመድኃኒት ዝርዝር፣ ከሆስፒታል የመጡ ደብዳቤዎችን በአንድ ከረጢት አድርጊልኝ። እነሱ ባይጠይቁም ከዛሬ ጀምሮ አራት ቀን ያህል ደብተር ላይ ጻፊልኝ፦ ሌሊት ስንት ጊዜ ተነሳሽ፣ ለመልበስ ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ ምን ትተሽ ዋልሽ። በአማርኛ ይሁን፣ የእጅ ጽሑፍሽን አነበዋለሁ። እንግሊዝኛውን እኔ እጽፋለሁ፣ ተራ በተራ በአማርኛ አነብልሻለሁ፣ ልክ ነው ስትዪ ትፈርሚያለሽ። ሙሉ ኮፒ ሳናስቀር ግን ፖስታ ቤት አንወስደውም።

ልጅሽ